ክታብና ክትባት

ባለፈው ሰሞን ከኮምቦልቻ ስልክ ተደወለልኝ። የእህቴ ልጅ ናት። የወሎ ሰላምታ አጭር አይደለም፤ የእኔን ደኅንነት፣ የባለቤቴን ደኅንነት፣ የደሴን ብርድ ሳይቀር ጠይቃ ከጨረሰች በኋላ ዝም አለች። ዝምታው ሲረዝምብኝ "ምነው?" አልኳት።

"ጋሼ፣ ትንሿን ላስከትባት ወይስ ይቅርባት?"

ትንሿ አራት ዓመት አልፏታል። መዋዕለ ሕፃናት ልታስመዘግባት ስትሄድ የክትባት ካርድ ተጠየቀች። ካርድ ግን የላትም። ለምን እንደሌላት ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛው የአገር ምክንያት ነው። ልጅቱ የተወለደችው በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ ነው። በዚያው ወር መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ፤ ከተሞቹ እስከ ኅዳር 27 ድረስ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ቆዩ፤ የደሴ ሆስፒታል ተዘረፈ፤ ጤና ተቋማት ከመድኃኒት እስከ ዕቃ ያላቸውን አጡ። እናትየዋ አራስ ገላዋን ይዛ ወደ ደብረ ብርሃን ተሰደደች። በዚያ ሰሞን "የወር ከአሥራ አምስት ቀን ክትባቷ ደርሷል" ብሎ የሚያስታውስ ማን ነበር?

ሁለተኛው የቤት ምክንያት ነው። ታላቅ ወንድሟ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ኦቲዝም ያለው ልጅ ነው። ዓመት ሲሞላው "እማ"፣ "ውሃ"፣ "አባ" ይል ነበር። ዓመት ተመንፈቅ ሊሞላው ሲል ቃላቱ አንድ በአንድ ጠፉ። ሲጠሩት መዞር ተወ። እናቱ ወደ ኋላ ተመልሳ ብትቆጥር፣ ሁለተኛውን የኩፍኝ ክትባት የወሰደው በአሥራ አምስት ወሩ፣ ማለትም ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ነው። ሚኒሶታ የምትኖር የባሏ እህት ደግሞ ስልክ ደውላ ነገሩን ቋጨችው፦ "ያ መርፌ ነው! እዚህ ሁሉም ያውቃል።"

"በስልክ አይሆንም፤ እወርዳለሁ" አልኳት።

ከደሴ ኮምቦልቻ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሐረጎን ጠመዝማዛውን ሲወርዱት ብርዱ ቀስ በቀስ ይለቃል፤ ጃኬት ይወልቃል። ሚኒባሱ ውስጥ ተቀምጬ የማስበው ግን ስለ ብርዱ አልነበረም። ሐኪም አይደለሁም፤ ብዙ ዘመን ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለዚህም መጀመሪያ የሚታየኝ ቃሉ ነው።

ከተበ ማለት ጻፈ ማለት ነው። ክታብ የተጻፈ ነገር ነው፤ በቆዳ ተሰፍቶ አንገት ላይ የሚታሰር። ክትባትም ከዚያው ሥር የበቀለ ቃል ነው፤ ክንድ ላይ የሚጻፍ ነገር እንደ ማለት። በወሎ ክታብ የአንድ ወገን ብቻ አልነበረም። ደብተራውም ይጽፋል፣ ሸሁም ይጽፋል፤ የጨነቀው ክርስቲያን ወደ ሸሁ፣ የጨነቀው ሙስሊም ወደ ደብተራው የሚሄድበት ጊዜ ነበር። የልጅ ጉዳይ ሲሆን ሃይማኖት አይጠየቅም። እናት ልጇ አንገት ላይ ክታብ ስታስርም፣ ልጇን ለመርፌ ስትሰጥም የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ገና ያልመጣ ክፉ እንዳይመጣ።

ልማዱም ከመርፌው በፊት የነበረ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ትግራይ ውስጥ ለዓመታት የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ፣ ያገሩ ሰው ከፈንጣጣ ሕመምተኛ ቁስል መግል ወስዶ የጤነኛውን ልጅ ክንድ በምላጭ ጫር እያደረገ ሲከትብ አይቶ ጽፏል። እንግዲህ "ክትባት የፈረንጅ ነገር ነው" የሚል ሰው ሲገጥማችሁ ይህን ንገሩት። በርግጥ ያ የጥንቱ አከታተብ አደጋ ነበረው፤ የተከተበው ሰው እውነተኛውን ፈንጣጣ ይዞ ሊሞት፣ ለሌላውም ሊያስተላልፍ ይችል ነበር። ሐሳቡ ግን ያው ነው፦ ትንሹን ክፉ በፈቃድ ተቀብሎ ትልቁን ማምለጥ።

እኔ ራሴ ክንዴ ላይ የፈንጣጣ ክትባት ጠባሳ አለኝ። ሃምሳ ዓመት ያለፈን ብዙዎቻችን አለን፤ ልጆቻችን የላቸውም። ለምን የላቸውም? ስለማያስፈልጋቸው። በኢትዮጵያ ፈንጣጣን የማጥፋቱ ዘመቻ የተጀመረው በጥር 1963 ዓ.ም. ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ብቻ በአገራችን የተመዘገበው ሕመምተኛ ከ26 ሺህ ይበልጣል፤ በዚያ ዓመት በዓለም ከተመዘገበው ግማሽ ያህሉ የእኛ ነበር። ከከታቢዎቹ የሚበዙት በእግርና በበቅሎ እየሄዱ፣ ጥቂቱ በሄሊኮፕተር እየተጓጓዙ፣ አብዮቱ መሀል ላይ ፈንድቶባቸው እንኳ ሥራውን ቀጠሉ። የመጨረሻዋ ሕመምተኛ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ኦጋዴን ውስጥ የተገኘች ትንሽ ልጅ ናት። ከስድስት ዓመት ባነሰ ጊዜ! ይህ አገር በቶሎ ከፈጸማቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

ነገር ግን ሁሉም ክንዱን አልዘረጋም። በሰሜኑ ደጋ፣ በጎጃምም በጎንደርም በወሎም፣ ብዙ ሰው አሻፈረኝ ብሎ ነበር። የዘመኑ ሹማምንት "ያልገባው ገበሬ" ብለው አለፉት። ሰውየው ግን የራሱ ሒሳብ ነበረው። በአገራችን ይዞር የነበረው ፈንጣጣ ቀለል ያለው ዓይነት ነው፤ ከያዛቸው መቶ ሰዎች የሚገድለው አንድ ወይም ሁለት ያህል ነበር። ገበሬው ይህን በዓይኑ አይቷል። የራሱን ከታች ያምናል፤ ከጂፕ የወረደውን እንግዳ አያምንም። ከታቢዎቹ ያሸነፉት በዱላ ሳይሆን የአገሩን ሽማግሌ፣ ቄስና ሸህ ይዘው በገቡበት ቦታ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ እመለስበታለሁ። የሚፈራ ሰው ደንቆሮ አይደለም፤ የሚፈራ ሰው ያየውን የሚቆጥር ሰው ነው። ጥያቄው በትክክል ቆጥሯል ወይ ነው።

ኩፍኝ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። የፈንጣጣ ጠባሳ ያላቸውን ሰዎች የማታውቁ የኩፍኝን ታሪክ ከእናቶቻችሁ ጠይቁ። ድሮ ኩፍኝ ያልወጣለትን ልጅ "አለኝ" ብለው አይቆጥሩም ነበር። በ1965 እና 66፣ ኋላም በ1977 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ፣ በየመጠለያው ሕፃናቱን የጨረሰው ረኀብ ብቻ አልነበረም። የተራበ ሰውነት ላይ ኩፍኝ ሲገባ ሳንባ ይይዛል፣ ተቅማጥ ያመጣል፣ ዓይን ያጠፋል። ብዙ ልጅ በአንድ ድንኳን ሥር ሲከማች ደግሞ አንድ ሕመምተኛ ብቻ ይበቃል፤ ኩፍኝ የያዘው አንድ ልጅ መከላከያ ለሌላቸው ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ ስምንት ሰዎች ሊያስተላልፍ ይችላል። በኢትዮጵያ መደበኛው የሕፃናት ክትባት የተጀመረው በ1972 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ ስድስት በሽታዎችን ለመከላከል። ግን መጀመር ሌላ፣ መድረስ ሌላ። በ1977 ገና ወሎ ገጠር ለሚኖረው ሕፃን አልደረሰም ነበር። ስለዚህ እኛ ወሎዬዎች ኩፍኝ ምን እንደሆነ ለማወቅ መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልገንም። ረስተነው ካልሆነ በቀር።

ደግሞም ረስተናል። ክትባት ራሱን የሚያስረሳ ነገር ነው። በሽታው ሲጠፋ የሚታየው መርፌው ብቻ ይሆናል።

የእህቴ ልጅ ቤት ስደርስ ቡናው ተፈልቶ ነበር። ትልቁ ልጅ ጥግ ይዞ ቆርኪ ይደረድራል። ቀዩን ከቀዩ፣ ቢጫውን ከቢጫው፤ አንዱ ከመስመር ሲወጣ ያቃናዋል። ሰላም አልኩት፤ አላየኝም። ትንሿ ግን ገና ከበሩ እጄን ይዛ ኪሴን ፈተሸች። አቦሉ ተቀዳ። እኔም ያ ፍርሃት ከየት እንደመጣ ልነግራት ጀመርኩ። መንገዱ ረዥም ነው፤ ከለንደን በሚኒሶታ በኩል ኮምቦልቻ የገባ ነው።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 1998 አንድሪው ዌክፊልድ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ላንሴት በተባለው ስመ ጥር የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ አወጣ። ያጠናው አሥራ ሁለት ልጆችን ነው። አሥራ ሁለት! ኩፍኝን፣ ጆሮ ደግፍንና ሩቤላን በአንድ መርፌ የሚከላከለው ክትባት ከአንጀት ሕመምና ከኦቲዝም ጋር ሳይያያዝ አይቀርም የሚል ፍንጭ ሰጠ። ጋዜጣው አራገበው፤ ወላጁ ደነገጠ፤ በብሪታንያ የተከታቢው ቁጥር ወረደ። ኋላ ብራያን ዲር የተባለ ጋዜጠኛ ነገሩን ሲቆፍር፣ ዌክፊልድ የክትባት አምራቾችን ሊከሱ ከተዘጋጁ ጠበቆች ገንዘብ ሲቀበል እንደነበር፣ የልጆቹም ታሪክ ከሕክምና መዝገባቸው ጋር እንደማይገጥም አወጣ። እ.ኤ.አ. በ2010 መጽሔቱ ጽሑፉን ሰረዘው፤ በዚያው ዓመት ሰውየው ከብሪታንያ የሐኪሞች መዝገብ ተፋቀ።

አንድ ሰው ዋሸ ማለት ሐሳቡ ሐሰት ነው ማለት አይደለም፤ ስለዚህ ሌሎች ፈተሹት። ዴንማርኮች የእያንዳንዱን ዜጋ ክትባትና ሕመም በመዝገብ የሚይዙ ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጥናት ከ537 ሺህ በላይ ልጆችን፣ በ2019 ደግሞ ከ657 ሺህ በላይ ልጆችን አይተው የተከተቡት ካልተከተቡት ይልቅ በኦቲዝም እንደማይያዙ አረጋገጡ። ጃፓን በ1993 በሌላ ምክንያት ይህንኑ ጥምር ክትባት አቆመች፤ ዮኮሃማ ውስጥ በተደረገ ጥናት፣ ክትባቱ ከቆመ በኋላም በኦቲዝም የሚመዘገበው ልጅ ቁጥር ማደጉን ቀጠለ። መርፌው ቀርቶ ነገሩ ካልቀረ፣ ጥፋቱ የመርፌው አይደለም። በቅርብ ዓመታት አሜሪካ ውስጥ ፖለቲከኞች ጉዳዩን መልሰው ቢያነሡትም፣ ያነሡት ፖለቲከኞች ናቸው እንጂ አዲስ ማስረጃ አይደለም።

"ታዲያ ሚኒሶታ ያሉት ለምን ይላሉ?" አለችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም የባሏ እህት ከሜዳ ተነሥታ አልተናገረችም።

ሚኒያፖሊስ ብዙ ሶማሌዎች የሚኖሩባት ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ2008 ገደማ ወላጆች አንድ ነገር አስተዋሉ፤ ለኦቲዝም ተብሎ በተከፈተው የትንንሽ ልጆች ልዩ ትምህርት ክፍል ውስጥ የእነርሱ ልጆች በዝተዋል። የግዛቲቱ ጤና ቢሮም ቁጥሩን አይቶ ልክ ናችሁ አላቸው። "ለምን?" ሲሉ ግን የሚመልስላቸው ጠፋ። ኋላ በ2013 የወጣ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ጥናት፣ ከ32 ሶማሌ ልጆች አንዱ፣ ከ36 ነጭ ልጆች አንዱ ኦቲዝም እንዳለው ተገምቷል አለ፤ በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት የለም። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነበር፤ በኦቲዝም ከተለዩት መካከል ሶማሌዎቹ ከፍ ያለ የአእምሮ እድገት ውስንነት አብሯቸው የሚታይ ነበሩ። ይህ መልስ ሲመጣ ግን አምስት ዓመት አልፏል። በእነዚያ ዓመታት ባዶ የቀረውን ወንበር ማን ሞላው? ራሱ ዌክፊልድ። እንግሊዝ የፋቀችው ሰውዬ ሚኒያፖሊስ እየተመላለሰ ወላጆቹን አነጋገረ። ከ90 በመቶ በላይ የነበረው የሶማሌ ሕፃናት የኩፍኝ ክትባት በ2014 ወደ 42 በመቶ ወረደ። በ2011 ኩፍኝ ገባ። በ2017 ዳግም ገብቶ 75 ሰው ያዘ፤ አብዛኞቹ ያልተከተቡ የሶማሌ ልጆች ነበሩ። ኦቲዝሙ ግን አልቀነሰም።

እንግዲህ እነዚህ ወላጆች ያጠፉት ምንድን ነው? የልጆቻቸውን ቁጥር በትክክል ቆጥረው ነበር። የጠየቁት ጥያቄም ተገቢ ነበር። መልስ ሲዘገይባቸው ውሸት ቀድሞ ደረሰ፤ ነገሩ ይኸው ነው።

የእህቴ ልጅ ሒሳብም እንዲሁ ነው። ልጇ የተከተበበትን ወርና ቃላቱ የጠፉበትን ወር በትክክል ይዛለች። ችግሩ፣ የኦቲዝም ምልክት ወላጅ ዓይን ውስጥ የሚገባው ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ባለው ዕድሜ ነው፤ ልጅ አፉን የሚፈታውም፣ ክትባቱም የሚሰጠው ያኔ ነው። አጥቢያ ላይ ዶሮ ይጮኻል፣ ፀሐይም ትወጣለች፤ ፀሐይን ያወጣት ግን ዶሮው አይደለም። ደግሞ አንድ የሚያስገርም ነገር ልንገራችሁ። ዌክፊልድ በዚያን ጊዜ ለወላጆች የመከረው፣ ጥምሩ ይቅርና ኩፍኙ ለብቻው ይሰጥ ብሎ ነው። የእኛ ልጅ በ2010 እና 2011 ዓ.ም. የወሰደው ደግሞ ያንኑ ነው፤ በኢትዮጵያ ለአሥርት ዓመታት ሲሰጥ የኖረው ኩፍኝን ለብቻው የሚከላከል ክትባት ነበር። ፍርሃቱ ኮምቦልቻ ሲደርስ የተነሣበትን ነገር እንኳ ረስቶታል።

ቶናው ላይ ስንደርስ ዝም ብላ ስታዳምጠኝ ቆይታ፣ "መርፌው ካልሆነ ታዲያ እኔ ነኛ?" አለች።

ይህን ጥያቄ አልጠበቅሁትም ነበር።

ነገሩን ሳስበው ግን ታሪኩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ሊዮ ካነር እ.ኤ.አ. በ1943 አሥራ አንድ ልጆችን አይቶ ለዚህ ነገር የዛሬ ስሙን ሲሰጥ፣ ከልደት ጀምሮ ያለ ነገር ሳይሆን አይቀርም ብሎ ነበር፤ ወዲያው ግን ወላጆቹ ቀዝቃዛ ናቸው የሚል ወሬ አብሮ ገባ። በ1950ዎቹና 60ዎቹ አሜሪካ ውስጥ "እንደ ማቀዝቀዣ የቀዘቀዘች እናት" የሚል ስድብ የሕክምና ቃል ሆኖ ኖረ። ይህን የሰበረው ራሱ አባት የሆነው በርናርድ ሪምላንድ በ1964 ያሳተመው መጽሐፍ ነው፤ በ1977 ደግሞ መንትዮች ላይ የተሠራ ጥናት ዝንባሌው በዋናነት በዘር እንደሚመጣ አሳየ። እኛስ? እኛም የራሳችን ማቀዝቀዣ አለን። ቡዳ፣ ዛር፣ ልክፍት፣ የወላጅ ኃጢአት። አዲስ አበባ ውስጥ በሁለት ክሊኒኮች 102 አሳዳጊዎችን ጠይቆ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት፣ ከመቶ አርባው ያህል የልጃቸውን ሁኔታ ከመንፈስ ጋር፣ ከሩብ የሚበልጡት ከኃጢአት ጋር እንዳያያዙት፣ ከመቶ አርባ አምስቱ በልጃቸው ሁኔታ እንዳፈሩ አሳይቷል። እነዚህ እንግዲህ ልጃቸውን ክሊኒክ ያመጡት ናቸው። ቤት የቀሩትን ማን ቆጠራቸው?

ስለዚህ ለአንዲት እናት መርፌው ጠላት ብቻ ሳይሆን መሸሸጊያም ነው። መርፌው ከሆነ እሷ አይደለችም። መርፌውን ከእጇ ስንነጥቅ ምን እንደምንሰጣት ማሰብ አለብን። እኔ ያልኳት "አንቺም አይደለሽም፤ አብሽሪ" ነው። ትንሽ አለቀሰች። ትልቁ ልጅ ቆርኪውን ትቶ መጥቶ ክንዷ ላይ ራሱን አሳረፈ። አላያትም፤ ግን መጣ።

በአገራችን ይህን ነገር በስሙ ጠርተው አደባባይ ያወጡት ወ/ሮ ዘሚ የኑስ ናቸው። የውበት ሙያ ትምህርት ቤት የከፈቱ ሰው ነበሩ፤ ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ሲጠፋ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ውስጥ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በጥቂት ልጆች ጀመሩ። ፊደል የማስቆጠሪያም ዘዴ ፈጥረው "አቡጊዳ" ብለው ሰየሙት። በ2013 ዓ.ም. በኮቪድ አረፉ። ከእርሳቸው በኋላ ነህምያን የመሰሉ፣ በወላጆች የተቋቋሙ ማዕከላት ተጨምረዋል። ሁሉንም ያነሣሣው ግን መንግሥት አይደለም፤ በር የተዘጋበት ወላጅ ነው። የሚገኙትም አዲስ አበባ ነው፤ ከደሴ አራት መቶ ኪሎ ሜትር።

አሁን ወደ ልጁ ልመለስ። ሦስት ዓመት ሲሞላው ጠበል ሄደ፤ ሸህ ዘንድም ሄደ። አንድ ቦታ "ጆሮው ነው" ተባለ፤ ጆሮው ደኅና ነው። ስድስት ሲሞላው ስሙን የማልጠቅሰው ትምህርት ቤት ተቀበለውና በመንፈቁ እናቱን ጠራት፦ "አስመዝኑትና ወረቀት አምጡ።" ወረቀቱን ለማምጣት ወራት የፈጀ ቀጠሮ፣ የአውቶቡስ፣ የአልጋ ወጪ፣ ከሥራ የቀረ ቀን ሁሉ ተከፈለ። የተገኘው ግማሽ ገጽ ነው። አንድ ቃል ተጽፎበታል፦ ኦቲዝም። ርእሰ መምህሩ አንብበው ወረቀቱን አጣጥፈው መለሱላት። "እንግዲያው ለእሱ የሚሆን ቦታ እኛ ጋ የለም።"

ወረቀቱን አየሁት፤ በላስቲክ ሸፍና ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች። ወዲያው ክታብ ትዝ አለኝ። ይጻፋል፣ ይታሰራል፤ ማንም ግን ከፍቶ አያነብበውም።

ምዘና እንዲህ አይደለም። መጀመሪያ ጆሮው ይታያል፤ እናት ከእርግዝና ጀምሮ ትጠየቃለች፤ ልጁ ሲጫወት፣ ሲበላ፣ ሲቆጣ ይታያል፤ ቋንቋው፣ እጁ፣ ትኩረቱ ይለካል። አንድ ሰው በአንድ ቀትር የሚጨርሰው ነገር አይደለም። መለኪያውም ራሱ መመርመር አለበት። የብዙዎቹ መጠይቆች አገር እንግሊዝና አሜሪካ ነው፤ "ልጁ ዓይን ለዓይን ያያል ወይ?" ይላሉ። እኛ ዘንድ ትልቅ ሰውን ዓይን ለዓይን የሚያይ ልጅ ደፋር ይባላል እንጂ አይመሰገንም። ከሁሉም በላይ ደግሞ የምዘና የመጨረሻው መስመር የበሽታ ስም መሆን የለበትም። የመጨረሻው መስመር "ይህ ልጅ በሥዕል ይማራል፤ ድምፅ የበዛበት ክፍል ያስጨንቀዋል፤ ከበር ራቅ ብሎ ይቀመጥ፤ በቀን ለዚህን ያህል ደቂቃ መምህርት ለብቻው ትያዘው" የሚል ነው። ለመምህር የሚጻፍ ደብዳቤ እንጂ ከመምህር የሚያሰናብት ወረቀት አይደለም።

ሕጉማ አለ። ትምህርት ሚኒስቴር የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ እ.ኤ.አ. በ2006 አወጣ፤ በ2012 አሻሻለው። አገሪቱ የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። ስምምነቱ ማንም ልጅ በጉዳቱ ምክንያት ከትምህርት እንዳይገለል ይላል። ርእሰ መምህሩ ክፉ ሰው ናቸው ብዬ አላምንም። ስልሳ ሰባ ልጅ በታጨቀበት ክፍል፣ ያልሠለጠነች መምህርት ይዘው፣ ምን ያድርጉ? በዚያ ላይ ደግሞ በጦርነቱ ወንበርና መጽሐፉ የጠፋበት ትምህርት ቤት ስንት ነው? ግን ያለውን ጎድሏል ማለት አንድ ነገር ነው፤ ልጁን ከበር መመለስ ሌላ።

እዚህ ላይ ነው ሁለቱ ጉዳዮች የሚገናኙት። ትምህርት ቤቱ ለሴት ልጅዋ የክትባት ካርድ ይጠይቃል፤ ለወንድ ልጅዋ የምዘና ወረቀት ይጠይቃል። ሁለቱንም መጠየቁ ልክ ነው። ነገር ግን ካርዱን የሚሰጥ ጤና ጣቢያ ከቤቷ በእግር የሚደረስ ነው፤ በነፃ ነው፤ በአንድ ጧት ያልቃል። በ2011 ዓ.ም. የማሕፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት ለ14 ዓመት ሴቶች መሰጠት ሲጀምር ከታቢዎቹ ወደ ትምህርት ቤት ነው የሄዱት፤ "ያመክናል" የሚል ወሬ ሲነሣም በየክፍሉ መምህራን፣ በየሰፈሩ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች መልስ ሲሰጡ ነበር። አገሪቱ ለመርፌው ይህን ያህል ሰው፣ ይህን ያህል መንገድ ዘርግታለች። ለምዘናው ግን የዘረጋችው ወደ አዲስ አበባ የሚወስደውን አስፋልት ብቻ ነው። ከታቢ ወደ ትምህርት ቤት መሄድ ከቻለ፣ መዛኝስ ስለምን አይሄድም? ደሴ የመምህራን ኮሌጅ አላት፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴም ኮምቦልቻም ግቢ አለው፤ የሪፈራል ሆስፒታል አለ። ከሦስቱ ሁለት ሁለት ሰው ወጥቶ በወር አንድ ቀን በአንድ ትምህርት ቤት ቢቀመጥ፣ ስንት ግማሽ ገጽ ሙሉ ገጽ ይሆን ነበር?

በማግስቱ የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ቤት መጣች። የሰፈር ልጅ ናት፤ በረካውን አብራ ጠጣች። አልተቆጣችም፤ "አራት ዓመቷ ቢሆንም አልረፈደም፤ ያመለጣትን እናሟላለን" አለች። የእህቴ ልጅ የጠየቀቻት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ "ያንቺን ልጅ አስከትበሻል?" ባለሙያዋ ስልኳን አውጥታ የልጇን ፎቶ አሳየቻት። ያ የዴንማርኮች ግማሽ ሚሊዮን ልጅ ያልሠራውን ይህ አንድ ፎቶ ሠራው። የፈንጣጣው ዘመን ሽማግሌዎች ቢያዩ አይገርማቸውም ነበር።

ጧት ተያይዘን ሄድን። ትንሿ ጮኸች፣ ከረሜላ ተሰጣት፣ ዝም አለች። ካርዱ ተጻፈ፤ ተከተበ ልበላችሁ። ስንመለስ ትልቁ ልጅ በር ላይ ከአያቱ ጋር ቆሞ ነበር። እናቱ ካርዱን ቦርሳዋ ውስጥ እየከተተች ወደ እሱ አየችና "እሺ ጋሼ፣ የእሷስ ገባኝ" አለችኝ። "ለእሱስ ወዴት ልሂድ?"

ስለ ክትባት ለመመለስ የመቶ ዓመት ታሪክ ይዤ ነበር የወረድኩት። ለዚህኛው ግን ባዶ እጄን ነበርኩ። ሐረጎን ስወጣ ብርዱ እንደገና ያዘኝ።